ባለ ቦይ የሮኬት ኖዝልን በአቻ ሼል መተካት፦ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ የስትራክቸር ሞዴል

በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ትልቅ የሮኬት ሞተር ኖዝል፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት ደወል መሰል ክፍል፣ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ደፍን ብረት አይደለም። የሚወጣው ጋዝ ብረቱን እንዳያቀልጠው ነዳጁ ራሱ በግድግዳው ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቦዮች እየሮጠ ያቀዘቅዘዋል። የስፔስ ሸትሉ አርኤስ-25 ሞተር ኖዝል 1,080 ቱቦዎች ጎን ለጎን በብሬዚንግ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ሌላ ብረት) ተያይዘው የተሠራ ነው። በሌሎች ዲዛይኖች ደግሞ ሁለት ላሜራ ይወሰድና በመካከላቸው ሪብ (ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን የቆመ ብረት) ተደርጎ ይበየዳል። በሁለቱ ላሜራዎችና በሁለት ሪቦች መካከል የሚቀረው ክፍተት ቦዩ ነው።

ይህን ቦይ አንድ በአንድ በሶሊድ ኤለመንት (ኮምፒውተሩ አካሉን ከፋፍሎ በሚያሰላባቸው ትንንሽ ጥቅጥቅ ቁርጥራጮች) ለመሥራት የተነሣ ሰው ሚሊዮኖች ኤለመንት ታቅፎ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ይዞ፣ መብራት ሊሄድ እንደሚችል እያወቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ስሌት ማስነሣት ትርፉ ድካም ነው። መፍትሔው ቦዮቹን አጥፍቶ ግትርነታቸውን ማቆየት ነው፦ ግድግዳው በሼል፣ ማለትም ውፍረቱ በቁጥር ብቻ በሚሰጥ ገጽ፣ ይተካል። በትክክል ከተሠራ ሞዴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል፤ ቀለበት ጨምሮ፣ ውፍረት ቀይሮ ደጋግሞ ማስላትም ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ እንደ ካልኩሊክስ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። የስሌቱ ዋና ክፍል ግን ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት በወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው የነገሩን ባሕርይ ያውቀዋል፦ ደንገሉ በቁመቱ ጠንካራ ነው፣ ጎን ለጎን አስተባብሮ የያዘው ግን ማሰሪያው ነው። ኖዝልም በቁመቱና በዙሪያው ግትርነቱ የተለያየ ነው። ብዙ ጊዜ ሞዴል የሚበላሸውም ይህን ልዩነት በአንድ ቁጥር ለማለፍ ሲሞከር ነው።

ምሳሌያችን

ቁጥር ሳይዙ ማውራት ስለማይጠቅም አንድ የመለማመጃ ኖዝል እንውሰድ። የየትኛውም እውነተኛ ሞተር ቅጂ አይደለም። የላይኛው ራዲየስ 400 ሚ.ሜ፣ የአፉ ራዲየስ 800 ሚ.ሜ፣ ቁመቱ 1,500 ሚ.ሜ ነው። የውስጥም የውጭም ላሜራ 0.8 ሚ.ሜ፣ ሪቡ 4 ሚ.ሜ ከፍታና 0.8 ሚ.ሜ ውፍረት አለው። አፉ ላይ ከሪብ መሐል እስከ ሪብ መሐል 5 ሚ.ሜ ነው። ብረቱ ኢንኮኔል 718 ሲሆን በክፍል ሙቀት ሞጁለሱ (ሲሳብ የሚያሳየው ግትርነት) 200 ጊጋፓስካል ገደማ፣ እፍግታው 8,190 ኪ.ግ በኪዩቢክ ሜትር፣ የፖይሰን ሬሾው (ሲሳብ በጎኑ የሚጠብበት መጠን) 0.3 ነው።

አፉ ላይ የቦዮቹ ብዛት 2 × 3.1416 × 800 ÷ 5፣ ማለትም ወደ 1,005 ይሆናል። የቦይ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ስለማይለወጥ ላይኛው ጫፍ ላይ በሪቦቹ መካከል ያለው ርቀት ወደ 2.5 ሚ.ሜ ይጠብባል። ስለዚህ ኖዝሉን በቁመቱ ከ8 እስከ 10 መቀነት ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ የራሱን ግትርነት ስጡ። አፉ ላይ የተሰላውን ቁጥር ለሙሉው ኖዝል መስጠት የተለመደ ስንፍና ነው፤ ላይኛው ክፍል በቁመቱ ከእውነቱ የላላ ሆኖ ይወጣል።

በወረቀት የሚሰሉት ቁጥሮች

ሁሉም በአንድ ሚሊ ሜትር የግድግዳ ስፋት የሚሰሉ ናቸው።

በቁመት ሲሳብ ላሜራዎቹም ሪቦቹም ይሸከማሉ፦ 0.8 + 0.8 + (4 × 0.8 ÷ 5) = 2.24 ሚ.ሜ። በዙሪያው ሲሳብ ሪቡ ምንም አያግዝም፤ የሚሸከሙት ሁለቱ ላሜራዎች ብቻ ናቸው፦ 1.6 ሚ.ሜ።

በዙሪያው ሲታጠፍ እያንዳንዱ ላሜራ ከመሐሉ 2.4 ሚ.ሜ ይርቃል። ስለዚህ 2 × (0.8 × 2.4² + 0.8³ ÷ 12) = 9.30 ኪዩቢክ ሚ.ሜ ይሆናል። በቁመት ሲታጠፍ የሪቡ ድርሻ 0.16 × 4³ ÷ 12 = 0.85 ይጨመርበትና 10.15 ይደርሳል።

አምስተኛው ቁጥር የሚረሳው ነው፦ በዙሪያው አቅጣጫ በግድግዳው ውፍረት ላይ የሚያልፈው የሺር (ገጾቹን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚያንሸራትት ኃይል) ግትርነት። ግድግዳውን በአግድም ቆርጣችሁ ብታዩት መሰላል ነው፤ ሰያፍ ማገር የለውም። ሺር ሲመጣበት ላሜራውም ሪቡም እየታጠፉ አራት ማዕዘኑ ይንጋደዳል። የአንድ ሪብ ክፍተት ርቀት 5፣ በላሜራዎቹ መሐሎች መካከል ያለው ርቀት 4.8፣ የላሜራውም የሪቡም ኢነርሺያ (ቅርጹ መታጠፍን የሚቋቋምበት መጠን) 0.8³ ÷ 12 = 0.0427 ነው። የመንጋደዱ መጠን (5² ÷ 24 + 5 × 4.8 ÷ 12) ÷ 0.0427፣ ማለትም ወደ 71.3 ሲወጣ፣ ሞጁለሱ ለዚህ ተካፍሎ የሺር ግትርነቱ 2,800 ኒውተን በሚ.ሜ ይሆናል። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ደፍን ብረት ከ350,000 በላይ ነበረው፤ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ያስደነግጣል፤ ሁልጊዜ ግን አይጎዳም። የሺሩ ተጽዕኖ የሚለካው በዙሪያው ላይ በሚፈጠረው ሞገድ ብዛት ነው። አፉ ወደ ሞላላ ሲለወጥ፣ ማለትም በዙሪያው ሁለት ሞገድ ብቻ ሲኖር፣ ሺሩ ከግትርነቱ የሚቀንሰው ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። አሥር ሞገድ ሲሆን ግን ወደ 10 ፐርሰንት ይቀንሳል፤ ከዚያ በላይ ጉዳቱ በሞገዱ ቁጥር ስኩዌር ያድጋል። ለሞላላ ንዝረት ብቻ ከሆነ የምትሠሩት ሺሩን እለፉት። በማጠንከሪያ ቀለበቶች መካከል የሚፈጠር ባክሊንግ (ግድግዳው በግፊት ድንገት መጉበጡን) የምታሰሉ ከሆነ ግን ሺሩን አትተዉት፤ ይግባ።

ወደ ሼል መለወጥ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ባለ ሦስት ድርብ ሼል ነው፦ 0.8 ብረት፣ 4 ሚ.ሜ የሪብ ድርብ፣ 0.8 ብረት። የሪቡ ድርብ በቁመት የብረቱን 16 ፐርሰንት ሞጁለስ ያገኛል፣ በዙሪያው ዜሮ አካባቢ፣ የሺር ሞጁለሱ ደግሞ 2,800 × 4 ÷ 4.8² ማለትም 487 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ንጹሕ ዜሮ አታስገቡ፤ ስሌቱ ይሰናከላል። ከብረቱ አንድ ሺኛ ይበቃል።

ሁለተኛው አንድ ወጥ ኦርቶትሮፒክ (በሁለት አቅጣጫ ግትርነቱ የተለያየ) ሼል ነው። እዚህ ላይ ውፍረቱ የሚመረጠው በዙሪያው መሳብና በዙሪያው መታጠፍ በአንድ ጊዜ እንዲገጥሙ ነው፦ √(12 × 9.30 ÷ 1.6) = 8.35 ሚ.ሜ። የዙሪያው ሞጁለስ 200 × 1.6 ÷ 8.35 = 38.3 ጊጋፓስካል፣ የቁመቱ 53.6፣ በገጹ ላይ ያለው የሺር ሞጁለስ 14.7 ይሆናል። ውፍረቱን የሚያልፈው የዙሪያ ሺር ሞጁለስ 400 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። የፖይሰን ሬሾው በቁመት ስትስቡ 0.3፣ በዙሪያ ስትስቡ 0.22 ገደማ ነው፤ ለሁለቱም 0.3 መስጠት ስህተት ነው። ሶልቨራችሁ (ስሌቱን የሚፈታው ሶፍትዌር) የትኛውን እንደሚጠይቅ ማንዋሉን እዩ።

የዚህ መንገድ ዋጋው በቁመት መታጠፍ ላይ ይከፈላል። መሆን ከሚገባው 10.15 ይልቅ ሼሉ 13.0 ያህል ይሰጣል፤ 28 ፐርሰንት ትርፍ ግትርነት ማለት ነው። ጠቅላላ ንዝረቱን ብዙም አያዛባም፤ ኖዝሉ እንዳለ ወደ ጎን ሲታጠፍ ግድግዳው የሚሠራው በመሳብና በመጨመቅ ነውና። የሚያዛባው ማጠንከሪያ ቀለበቶቹና ፍላንጁ (ኖዝሉ የሚታሰርበት ከንፈር) አጠገብ ያለውን ጭንቀት (ስትረስ፣ በብረቱ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል) ነው። የእኛ ምርጫ ሶልቨሩ ከፈቀደ ባለ ሦስት ድርቡ ነው።

ይሁን እንጂ ባለ ድርብ ሼልን ሳይፈትኑ ማመን አያዋጣም። አንዳንድ ሶልቨሮች የድርቦቹን ሺር በአማካይ ስለሚወስዱ ላላው መሐል እንደ ብረት ግትር ሆኖ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። በዙሪያው አቅጣጫ 200 ሚ.ሜ የሚረዝም ቀጥ ያለ ቁራጭ ሞዴል አድርጉ፣ ሁለቱን ጫፍ አስደግፉ፣ መሐሉን በአንድ ሚ.ሜ ስፋት 1 ኒውተን ተጫኑት። መውረድ ያለበት 0.107 ሚ.ሜ ነው፤ 0.090 ከመታጠፍ፣ 0.018 ከሺር። ከዚያ ርዝመቱን 60 ሚ.ሜ አድርጉት። አሁን 0.0078 ሚ.ሜ መውረድ አለበት፣ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሺር ነው። ረጅሙ 0.090፣ አጭሩ 0.0025 አካባቢ ላይ ከቆመ ሺሩ አልገባም ማለት ነው።

ክብደት

አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 8,190 × 0.00224 = 18.3 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ወጥ ሼል ይህን ለ8.35 ሚ.ሜ አካፍላችሁ እፍግታውን 2,200 አካባቢ ታደርጉታላችሁ። የብረቱን 8,190 እንዳለ የተወ ሰው ኖዝሉን አራት እጥፍ ገደማ አክብዶታል፤ ፍሪኩዌንሲውም ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቦዩ ያለው ፈሳሽም ይቆጠር፦ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ቢሞላው በካሬ ሜትር 0.24 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ብታልፉትም ችግር የለውም፤ ኬሮሲን ከሆነ ግን 2.7 ኪሎ ይጨምራል፣ እሱ አይታለፍም።

ቀለበቶች

ያለ ማጠንከሪያ ቀለበት ይህ አፍ ምን ያህል ልል እንደሆነ በአንድ መስመር ማየት ይቻላል። ግድግዳውን እንደ ነፃ ቀለበት ከቆጠርነው የሞላላው ፍሪኩዌንሲ 0.427 × √(1,860 ÷ 18.3) ÷ 0.8²፣ ማለትም 7 ኸርዝ ገደማ ነው። 1,860 የመታጠፍ ግትርነቱ ነው፣ በኒውተን ሜትር። ላይኛው ጫፍ መያዙ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ቢሆንም የአፉ ልልነት ግልጽ ነው። የአርኤስ-25 ኖዝል በወገቡ ላይ ቀለበት የተደረደረለትም አለምክንያት አይደለም።

ቀለበቱን በቢም (እንደ ዘንግ በሚቆጠር) ኤለመንት አስገቡት። ሁሉም ነገር ያለው ከሼሉ መሐል ያለውን ርቀት በመስጠቱ ላይ ነው። 3 ሚ.ሜ ወፍራምና 20 ሚ.ሜ ከፍታ ያለው ቀለበት ከውጭ ቢበየድ የራሱ ኢነርሺያ 2,000 ነው። አብሮት የሚሠራው ግድግዳ 127 ሚ.ሜ ገደማ ስፋት (1.56 × √(800 × 8.35)) አለው። ርቀቱ 12.8 ሚ.ሜ መሆኑ ሲነገረው ሁለቱ ተጣምረው 10,770 ይሰጣሉ። ርቀቱ ተረስቶ ቢሙ ሼሉ መሐል ላይ ከተቀመጠ 3,180 ብቻ ይሆናል። ያው ብረት ከሦስት እጥፍ በላይ ይላላል፤ ሶልቨሩም ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሜሽ፣ መለኪያና የመጀመሪያው ፍተሻ

በዙሪያው 120፣ በቁመቱ 40 ባለ 8 ኖድ (ነጥብ) ሼል ኤለመንት ይበቃል፤ 4,800 ኤለመንት ማለት ነው። በዚህ ሜሽ (የኤለመንት መረብ) በዙሪያው እስከ 12 ሞገድ ያለውን ውጤት እመኑ። ከዚያ በላይ ያለውን ሜሹን ሳታበዙ አትውሰዱ።

በሚሊ ሜትርና በኒውተን የምትሠሩ ከሆነ እፍግታው በቶን በኪዩቢክ ሚ.ሜ ይገባል፦ ለብረቱ 8.19 × 10⁻⁹። 8190 ብላችሁ ካስገባችሁ ፍሪኩዌንሲው በሚሊዮን እጥፍ ያንሳል። ያ ስህተት ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። የሚያስቸግረው በአንዱ መቀነት ላይ ብቻ የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ የጠቅላላ ክብደቱን ድምር በእጅ ካሰላችሁት ጋር ሳታስተያዩ ወደፊት አትሂዱ።

ቀጥሎ ኖዝሉን ሳታስሩ ንዝረቱን አስሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሞዶች (የንዝረት ቅርጾች) ዜሮ አካባቢ መሆን አለባቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት የዙሪያ ሞዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ይወጣሉ። ጥንዱ ከተለያየ ሜሹ ዙሪያው ላይ እኩል አይደለም፣ ወይም አንድ መቀነት አቅጣጫው ተዛብቷል። የኦርቶትሮፒክ አቅጣጫ መዞር፣ ማለትም የቁመቱ ሞጁለስ በዙሪያው መግባቱ፣ በብዛት የሚያጋጥም ጥፋት ነው። ሶልቨሩ አቅጣጫውን በቀስት እንዲያሳያችሁ አድርጉና በዓይናችሁ እዩት።

በእጅ የሚዳሰስ ማረጋገጫ የፈለገ ደግሞ ከተማው ውስጥ ካለ ብየዳ ቤት የ6 ኢንች የብረት ቱቦ ቁራጭ ያግኝ። 30 ሚ.ሜ ስፋት ያለው ቀለበት በቶርኖ ይቆረጥ፤ በግራይንደር የተቆረጠ ፊቱ እኩል ስለማይሆን ለዚህ አይመችም። ውፍረቱን በካሊፐር ስምንት ቦታ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በቀጭን ክር አንጠልጥሉት፣ በስክሩድራይቨር የፕላስቲክ እጀታ ከውጭ ወደ መሐሉ ምቱት፣ ድምፁን ፍሪኩዌንሲ በሚያሳይ የስልክ አፕሊኬሽን ቅዱት። የውጭ ዲያሜትሩ 168 ሚ.ሜ፣ ውፍረቱ 5 ሚ.ሜ ከሆነ የመጀመሪያው ድምፅ 470 ኸርዝ አካባቢ፣ ቀጣዩ 1,325 አካባቢ ነው። ከጎኑ ከመታችሁት ሌላ ዓይነት ሞድ ስለሚነሣ ቁጥሩ አይገጥምም። ሁለት የተጠጋጉ ድምፆች ከታዩ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ የቱቦው የብየዳ መስመር ጥንዱን ለያይቶት ነው። ያንኑ ቀለበት በሶልቨራችሁ ሠርታችሁ ውጤቱ በሁለት ፐርሰንት ውስጥ ከገጠመ ኤለመንቱም መለኪያውም ደህና ናቸው።

ላይኛውን ጫፍ በሙሉ መቸንከር የሞላላውን ሞድ ብዙ አይለውጠውም። ኖዝሉ እንዳለ ወደ ጎን የሚወዛወዝበትን ሞድ ግን ከእውነቱ በላይ ያወጣዋል፤ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት መገጣጠሚያና አክቹዌተሮቹ (አቅጣጫውን የሚያዞሩት ክንዶች) ልል ናቸውና። እነሱን በስፕሪንግ ተኩ።

ጭነት

ጉሮሮው (ጋዙ የሚያልፍበት ጠባቡ ቦታ) አጠገብ የውስጡ ግፊት ይበልጣል፣ ግድግዳውም ይወጠራል። አፉ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሞተሩ መሬት ላይ ሲነሣ የውጩ አየር ከውስጡ ይበልጥና ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በግድግዳው ላይ ያለው ግፊት ወደ ውጩ አየር ግፊት 40 ፐርሰንት ገደማ ሲወርድ ፍሰቱ ከግድግዳው ይላቀቃል የሚለው የቆየ መመሪያ ለመጀመሪያ ግምት ያገለግላል። በባሕር ወለል ላይ የውጩ 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ ትልቁ ወደ ውስጥ የሚገፋ ልዩነት 61 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ 81.5 ኪሎፓስካል ነው፤ ፍሰቱ የሚላቀቀው 33 ላይ ሲሆን ልዩነቱ 49 ይሆናል። ስለዚህ ከመጻሕፍት የምትወስዱት የመሬት ላይ ሙከራ ቁጥር በየትኛው ከፍታ እንደተለካ እዩ።

ከዚህ ጋር የነፃው ቀለበት ባክሊንግ ግፊት ይነጻጸር፦ 3 × 1,860 ÷ 0.8³፣ ማለትም 10.9 ኪሎፓስካል። ይህ የታችኛው ወሰን ነው፤ ላይኛው ጫፍ መያዙና ቀለበቶቹ ያሳድጉታል፤ ግን ምን ያህል ማሳደግ እንዳለባቸው ይነግራችኋል። ሶልቨሩ የሚሰጠውን የባክሊንግ ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። በውጭ ግፊት ለተጫነ ሼል በ0.75 ማባዛት የተለመደ ነው፤ ትክክለኛ ክብ የሆነ ኖዝል የለምና።

ፍሰቱ ዙሪያውን እኩል ስለማይላቀቅ የጎን ጭነት ይመጣል። ለቀላል ሞዴል በተላቀቀበት መቀነት ላይ አንደኛውን ጎን የሚገፋ፣ በኮሳይን የሚቀያየር ግፊት አስቀምጡ፤ ለብቻው ደግሞ አፉን ሞላላ የሚያደርግ ባለ ሁለት ሞገድ ግፊት። ንዝረቱን የምታሰሉት ግፊቱንና ሙቀቱን በስታቲክ ስቴፕ (ንዝረት በሌለበት የስሌት ደረጃ) ካስገባችሁ በኋላ ይሁን። ወደ ውስጥ የሚገፋ ግፊት ፍሪኩዌንሲውን ያወርዳል፤ ትኩስ ብረትም እንዲሁ፦ ኢንኮኔል 718 በ650 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞጁለሱ ወደ 160ዎቹ ጊጋፓስካል ይወርዳል።

ጭነቱን በሙሉ አለመቁጠር ምን እንደሚያስከትል በአሪያን 5 ታይቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 11 ቀን 2002 አዲሱ ቩልካን 2 ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር ኖዝሉ ተበላሽቶ ሮኬቱ ጠፋ። መርማሪዎቹ ያገኙት የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ተሰንጥቀው ግድግዳው ከልክ በላይ መጋሉን፣ በበረራ ላይ የሚደርሰው ጭነትም በዲዛይኑ ላይ ሙሉ ሆኖ አለመቀመጡን ነው። ሙቀቱና ጭነቱ ለየብቻ ሳይሆን አብረው ይግቡ።

ሙቀቱን በአንድ ወጥ ሼል ስታስገቡ ተጠንቀቁ። በሁለቱ ላሜራዎች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በእውኑ በ4.8 ሚ.ሜ ላይ ነው፤ ሼላችሁ ግን 8.35 ነው። ልዩነቱን በ1.74 ካላባዛችሁ ግድግዳው መታጠፍ የሚገባውን ያህል አይታጠፍም።

ጭንቀቱን መልሶ ማውጣት

በአንድ ወጥ ሼል ላይ በቀለም የሚታየውን የጭንቀት ሥዕል አታንብቡት። ያ 8.35 ሚ.ሜ ብረት በዓለም ላይ የለም። ከሼሉ የምትወስዱት በሚ.ሜ ስፋት ያለውን ኃይልና ሞመንት (የማጠፍ ጉልበት) ነው። በዙሪያው ለሚገኘው የላሜራ ጭንቀት ኃይሉን ለ1.6 አካፍሉ፣ ሞመንቱን ለ3.84 (0.8 × 4.8) አካፍላችሁ ደምሩ፣ ለሌላው ላሜራ ቀንሱ። በቁመት ኃይሉ ለ2.24 ይካፈላል፤ ሞመንቱ በ2.8 ተባዝቶ ለ10.15።

በዚህ ላይ አቻው ሼል ጨርሶ የማያውቀው ጭንቀት ይጨመራል። በቦዩ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ግፊት ላሜራውን በሪቦች መካከል ያሳብጠዋል። ቦዩ 4.2 ሚ.ሜ ክፍት ሆኖ ግፊቱ 10 ሜጋፓስካል ቢሆን፣ ሪቡ ጥግ ላይ ያለው ጭንቀት 10 × 4.2² ÷ (2 × 0.8²) = 138 ሜጋፓስካል ነው። ሪቡ ራሱ 10 × 4.2 ÷ 0.8፣ ማለትም 52.5 ሜጋፓስካል ይሳባል፤ ብየዳው የሪቡን ሙሉ ውፍረት ካልያዘ ይህ በዚያው ልክ ያድጋል።

የሙቀቱም አለ፦ የውስጡ ላሜራ ከውጩ በ300 ዲግሪ ቢበልጥና ግድግዳው መታጠፍ ባይችል፣ በ180 ጊጋፓስካል ሞጁለስና በ14 × 10⁻⁶ የመስፋት መጠን 540 ሜጋፓስካል ገደማ ይጨመቃል። ሁሉም ሲደመሩ ትልቁ ጭንቀት የሚያርፈው በውስጡ ላሜራ ላይ፣ ላሜራው ከሪቡ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ነው። አንድ ቦይ ብቻ የያዘ ትንሽ ሶሊድ ሞዴል ሠርታችሁ፣ ሁለቱን ጎን በሳይክሊክ ድንበር (አንዱ ጎን የሌላውን እንቅስቃሴ እንዲደግም) አስራችሁ፣ የሼሉን ኃይልና ሞመንት እዚያ ላይ ጫኑ። ይህን ሞዴል ያው ላፕቶፕ ሳይቸገር ይፈታዋል፤ የዝቅተኛ ዙር ፋቲግ (በጥቂት የጭነት ድግግሞሽ የሚመጣ መሰንጠቅ) ስሌትም ከእሱ ላይ ይነሣል። ሶሊዱ በእጅ ከተሰሉት አምስት የግትርነት ቁጥሮች ከ5 ፐርሰንት በላይ ከራቀ ግን ወደ ፋቲግ አትለፉ፤ መጀመሪያ የሺሩን ቁጥር እንደገና አስሉ፣ በብዛት የሚሳሳተው እሱ ነው።